የእናት ወገን ቆጠራ

የርእሰ መምህሩን ስም አልጽፍም። ይህን ካነበበ ራሱን ያውቃል፤ ካላነበበም የሚነግረው አያጣም። የልጅቷንና የቤተሰቧን ስም ደግሞ ቀይሬዋለሁ። እነሱ ላይ ቂም ስለሌለኝ አይደለም፤ ልጅቷ ዛሬም በእነሱ መካከል ስለምትኖር ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «እርሺው፤ ይቅር በያቸው» ይለኛል። ይቅርታ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር አስብበት ነበር። አልመጣም። ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

በዚያን ጊዜ ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ መምህርት ነበርሁ። ባል ነበረኝ፤ ከዚያ አልነበረኝም፤ እሱን እዚህ አልጽፈውም። የሥርዓተ ጾታ ክበብ ተጠሪ ያደረጉኝ ዕውቀት አላት ብለው እንዳይመስላችሁ። ርእሰ መምህሩ በስብሰባ ላይ ተነሥቶ «መምህርት አስናቀች ቤቷ የሚጠብቃት ሰው የለም፤ ጊዜ አላት» አለ፤ መምህራኑ ሁሉ ሳቁ፤ ሹመቴ ጸደቀ። የክበቡ ንብረት ቁልፉ የተሰበረ አንድ ቁም ሣጥን ነበር። በሴቶች ቀን ርእሰ መምህሩ ስለ ሴቶች እኩልነት ረጅም ንግግር ያደርጋል፤ ሴት ተማሪዎቹ ደግሞ እየዞሩ ለእንግዶቹ ለስላሳ ያድላሉ።

የመማሪያ መጽሐፉን ብትከፍቱት ያለችው ሴት ንግሥት ናት። ከንግሥት በታች ያለችውን አታገኟትም። ተማሪዎቼ ደግሞ የጉልት ሻጭ፣ የፋብሪካ ሠራተኛና የገበሬ ልጆች ናቸው። ንግሥት ባስተምራቸው ተረት ነው የሚመስላቸው። ስለዚህ በዚያ ዓመት ሌላ ነገር ሞከርሁ።

በእኛ አገር ጋብቻ ሲታሰብ ቤት ይቆጠራል። የወንዱና የሴቷ ወገን ወደ ላይ እስከ ሰባት ትውልድ እየተጠራ ይመረመራል፤ ከሰባት ቤት በታች ከተገናኙ ዘመድ ናቸው፤ ጋብቻው ይቀራል። በዚህ ምክንያት ልጆቹ፣ በተለይ ከገጠር የመጡት፣ አያቶቻቸውን በቃላቸው ይይዛሉ። እኔም ከዚያ ጀመርሁ።

«ዮሴፍ፣ ተነሥ። አባቶችህን ቁጠር።»

ዮሴፍ ደረቱን ነፍቶ ተነሣና እስከ ሰባተኛው ትንፋሽ ሳይወስድ ዘለቀው። ክፍሉ አጨበጨበለት።

«ጎበዝ። አሁን እናቶችህን።»

«እናቴ አበባ ትባላለች።»

«የአበባ እናት?»

«አያቴ ናታ... እማማ።»

«እማማ ስም የላትም?»

«ሁሉም ሰው እማማ ነው የሚላት።»

ሳቁ። «የእማማስ እናት?» አልሁት።

«ኧረ ቲቸር! እሷን ደግሞ ማን አይቷት?»

«ሰባተኛውን አባትህን አይተኸዋል?»

ዮሴፍ ራሱን እያከከ ተቀመጠ። ሌላ አስነሣሁ፤ ሌላም። ሴቶቹንም አስነሣሁ። ከሦስተኛዋ እናት ያለፈ አልተገኘም። ሳቁ ቀስ በቀስ ቀረ። ከኋላ ወንበር አንዱ «ቲቸር፣ ይቺ ፈተና ላይ ትመጣለች?» ሲል ጠየቀ።

«ትመጣለች» አልሁ። «በየቤታችሁ ያለችውን ትልቋን ሴት ጠይቃችሁ ኑ። የእናት እናት እያላችሁ እስከምትችሉት ውጡ። ስሟን ብቻ አይደለም፤ ከየት መጣች፣ እንዴት ተዳረች፣ እሱንም ጠይቁ።»

ከተማሪዎቹ አንዷ ማንጠግቦሽ ነበረች። የመሸንቲ ልጅ ናት፤ ባሕር ዳር ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ ትማራለች። ዝም የምትል፣ የተጠየቀችውን ብቻ የምትመልስ ልጅ ነበረች። አባቷ መሪጌታ ልሳነወርቅ የተከበሩ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ናቸው። በዚያ አካባቢ ጋብቻ ሲታሰብ ቤት እንዲቆጥሩ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። እሳቸው «ንጹሕ ነው» ካሉ ንጹሕ ነው፤ ይግባኝ የለውም።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ አንድ ሐሙስ፣ ክፍሉ ከወጣ በኋላ ማንጠግቦሽ ብቻዋን ቀረች። ሰሌዳውን ስታጠፋ ቆየችና ጀርባዋን ሰጥታኝ፦

«ቲቸር፣ እሑድ ቃል ሊታሰርብኝ ነው» አለችኝ።

ልጅቷ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ሽማግሌ የላከው አቶ ደምሌ የሚባል፣ ወፍጮና የጭነት ጀልባ ያለው ሰው ነው፤ ለልጁ ነው የጠየቀው። ቃል ከታሰረ በኋላ ማፍረስ ለሁለቱም ቤት ውርደት ነው፤ ስለዚህ ከእሑድ በኋላ ነገሩ ያበቃል።

«ለአባትሽ ምን አልሻቸው?»

«አልፈልግም አልኋቸው።»

«እሳቸውስ?»

«መፈለግሽን ማን ጠየቀሽ? አሉኝ። አልተቆጡም ቲቸር። ገርሟቸው ነው እንጂ።»

ከዚያ ዞራ የቤት ሥራዋን ነገረችኝ። የእናቷ እናት እማሆይ የውብዳር ደቅ ደሴት ላይ ይኖራሉ። እኔ ባዘዝሁት መሠረት ሄዳ ጠይቃቸው ነበር። እማሆይም የእናታቸውን ስም ነገሯት፤ ዘነበች። ዘነበች ብርቅነሽ የምትባል ታናሽ እኅት ነበረቻት። በወገኑ ሁሉ የሚታወቀው ብርቅነሽ ሳታገባ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ሐይቁ እንደ ወሰዳት ነው። እማሆይ ግን ለልጅ ልጃቸው በጆሮዋ፣ ለማንም እንዳትናገር አስምለው፣ አልሰጠመችም አሏት። በታንኳ የመጡ ሰዎች ጠልፈው ወሰዷት።

«ከደቅ በተመለስሁ ማግሥት» አለች ማንጠግቦሽ፣ «የአቶ ደምሌ ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። ጠላ የምቀዳው እኔ ነበርሁ። አቶ ደምሌ ሞቅ ሲለው ስለ ዘሩ ያወራ ጀመር። የእናቴ አባት ከእንፍራንዝ በታች ካለው ዳር በታንኳ ተነሥቶ፣ ሐይቁን አቋርጦ፣ ከደቅ ቆንጆ ጠልፎ ያመጣ ወንድ ነው አለ። ሁሉም ሳቁ፤ አባቴም ሳቁ። እኔ ማሰሮውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።»

እኔም ቆሜ ቀረሁ። ወንዶቹ ታሪኩን ለጀግንነት ሲያወሩት ኖረዋል፤ ሴቶቹ ደግሞ ቀብረውት ኖረዋል። ሁለቱን የሰማች እሷ ብቻ ናት፤ እሱም ጠላ ስለምትቀዳና የቤት ሥራ ስለምትሠራ ነው።

«ለአባትሽ ንገሪያቸዋ!»

«ቆጣሪ እኮ ናቸው ቲቸር። እኔ ልቁጠርላቸው? ሐይቅ የወሰዳት ሴት አትወልድም ይሉኛል። እማሆይ ራሳቸው ካልተናገሩ አይሆንም። እማሆይ ደግሞ ምለዋል።»

በማግሥቱ ወደ ርእሰ መምህሩ ገባሁ። ስለ ብርቅነሽ አልነገርሁትም፤ አላመንሁትም። የነገርሁት ዕድሜዋን ብቻ ነው።

«አሥራ ስምንት ሞልቷታል የሚል ማስረጃ አላቸው» አለኝ።

«አንተ የት አየኸው?»

«ከአቶ ደምሌ ጋር ቅርበት አለን። አጥሩን ያሠራልን ማን መሰለሽ?» ወንበሩ ላይ ተለጠጠ። «እትዬ አስናቀች፣ የታሪክ መምህርት አይደለሽም? የሞተ ሰው አስተምሪ። የሕያው ሰው ቤት ምን ያደርግልሻል?»

«የሥርዓተ ጾታ ተጠሪ ነኝ።»

«እሱ ክበብ ነው። ክበብ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ነው።»

ከዚያ ወጥቼ ጉዳዩ ይመለከተዋል ወደተባለ ቢሮ ሄድሁ። አንድ ወጣት ከስልኩ ቀና ሳይል «አቤቱታ አቅራቢዋ ማን ናት?» አለኝ። እኔ ነኝ አልሁት። «ዘመድ ነሽ?» አስተማሪዋ ነኝ አልሁት። «እንግዲያው ዘመድ ይምጣ» አለኝ። ዘመዶቿማ ድግስ ላይ ናቸው አልሁት፤ አልሳቀም።

ቅዳሜ ጠዋት ከማንጠግቦሽ ጋር ወደ ደቅ በሚሄድ የጭነት ጀልባ ተሳፈርን። ጀልባው ሲሚንቶና የቢራ ሣጥን ጭኗል፤ እኛ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጥን። ነጂው ተጫዋች ነበር።

«መምህርት፣ ደቅ ላይ ምን ጠፋብሽ?»

«ሴት።»

«ሴትማ ባሕር ዳርም ሞልቷል!» ብሎ ብቻውን ሳቀ።

ሴት የማትረግጠውን የወንዶች ገዳም በግራ ትተን ስናልፍ ማንጠግቦሽ ደሴቱን ታይ ነበር። «ቲቸር፣ ጀልባ እዚህ ቢገለበጥና ሴት ዋኝታ ብትደርስ ያወጧታል?» አለችኝ።

«ያወጧታል እንጂ።»

«ከዚያስ?»

«እንጃ» አልሁ።

እማሆይ የውብዳር ከቤታቸው ደጅ ዋርካ ሥር ቁጭ ብለው የደረቀ ጌሾ ይለቅማሉ። ሰማንያን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ቆባቸው ዓይናቸው ድረስ የወረደ ሴት ናቸው። እኔን ሰላም ሳይሉኝ ልጅቷን ተመለከቷት።

«ነገርሻት?»

«ነገርኋት።»

«ምላስሽ ይቆረጥ!»

እግራቸው ሥር ተቀመጥሁ። የመጣንበትን ስነግራቸው እጃቸው ጌሾውን መልቀም አላቋረጠም። ስጨርስ እንዲህ አሉኝ፦

«ስሚ ልጄ። የዚያን ቀን ከብርቅነሽ ጋር ውኃ የወረድሁ እኔ ነኝ። ትንሽ ልጅ ነበርሁ። ሁለት ታንኳ ከደንገሉ ውስጥ ወጣ። አንዱ አፌን በእጁ አፈነኝ፤ እጁ ዓሣ ዓሣ ይሸታል፤ ዛሬም ዓሣ አልበላም። እሷ ስትጮህ አባቷን አልጠራችም፤ ወንድሞቿንም አልጠራችም። የውብዳር፣ የውብዳር ነበር የምትለው። እኔ ምን እንዳደርግላት ነው?»

ጌሾውን በሰፌዱ ላይ ገለበጡት።

«አያቴ ደካማ ሰው ነበሩ። ደም ለመመለስ አቅም የላቸውም። ልጁን ጠለፉበት፣ ዝም አለ ከሚሏቸው ውኃ በላባቸው መባልን መረጡ። እኔን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ ሐይቁ ወሰዳት በይ አሉኝ። አልሁ። ተለቀሰ። ተዝካር ወጣ፤ ካህናቱ በሉ። እናቴ ስትሞት እጄን ይዛ፣ ስሟን እንዳታነሺ፣ አባቴን ከመቃብር አውጥተሽ እንዳታዋርጂው ብላ አስማለችኝ። አሁን በዚህ ዕድሜዬ መሐላዬን እንድክድ ነው የመጣሽው?»

ሌላ ልማድ፣ ሌላ ሕግ ብጠራ ከሲሚንቶው ጋር የመጣ የከተማ ወሬ ይሆንባቸዋል። ማንጠግቦሽ ናት የተናገረችው።

«እማሆይ፣ ረጅም ዕድሜ ኖራለች።»

እጃቸው ቆመ።

«ማን አለ?»

«የልጅ ልጇ። አቶ ደምሌ። አያቴ ቤቷ ውኃው ዳር ሆኖ፣ እስክትሞት ፊቷን ወደ ሐይቁ አዙራ አትቀመጥም ነበር አለ። እንግዳ ሲገባ እንኳ በሩን በጀርባዋ ነበር የምታየው አለ። ቀልድ አድርጎ ነው ያወራው።»

«ወለደች?»

«ወለደች። ወንዶችም፣ አንዲት ሴትም። ሴቷ የአቶ ደምሌ እናት ናት። ስሟን የውብዳር ነው ያለቻት።»

እማሆይ ቆባቸውን ከዓይናቸው ላይ ከፍ አደረጉ። ልጅቷን ለረጅም ጊዜ አዩዋት፤ ከዚያ ወደ ውኃው። አላለቀሱም። የለቀሙትን ጌሾ ከግርዱ ጋር መልሰው ደባለቁትና እጃቸውን አራገፉ።

«ያ ጀልባ መቼ ነው የሚመለሰው?» አሉ።

ስንመለስ የከሰዓቱ ነፋስ ተነሥቶ ሐይቁ ይናወጥ ነበር። ነጂው እንኳ ቀልዱን ትቷል። እማሆይ ሙሉ መንገዱን ፊታቸውን ወደ እንፍራንዝ አቅጣጫ አዙረው ተቀመጡ። ውኃው እየረጨ ነጠላቸውን አረጠበው፤ ቦታ ላስለውጣቸው ስል እጄን ገፉኝ።

እሑድ መሸንቲ ደረስን። በመሪጌታ ግቢ ዳስ ተጥሏል፤ ሽማግሌዎቹ በሁለት ወገን ተቀምጠዋል። ከአቶ ደምሌ ጎን ማን ተቀምጦ ባይ ጥሩ ነው? ርእሰ መምህሩ። ሲያየኝ የያዘውን ብርሌ አስቀመጠ። መሪጌታ ግን አማታቸውን ባዩ ጊዜ ፊታቸው በራ፤ ለምርቃት የመጡ መስሏቸው ነበር። ዝቅ ብለው ጉልበታቸውን ስመው ከሴቶቹ ጋር ወደ ውስጥ አስገቧቸው። እኔም ተከትዬ ገባሁ። በማለዳ ቀድማን የመጣችው ማንጠግቦሽ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ጥግ ላይ ተቀምጣለች፤ እናቷ ፀጉሯን ታስተካክልላታለች። በክፍሉና በዳሱ መካከል ያለው አንድ መጋረጃ ነው።

መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው ቆሙ። ድምፃቸው ያማረ ነው፤ ይህን አልክድም። የራሳቸውን ወገን አባት በአባት እስከ ሰባት ቆጠሩ፤ የአቶ ደምሌንም እንዲሁ። ከዚያ ወደ ሚስታቸው ወገን ተሻገሩ። የሚስታቸውን አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት ጠሩ። ወደ እናትየው ሲደርሱ እንደ ማሳረጊያ ፈጠን አሉበት።

«እማሆይ የውብዳር የዘነበች ልጅ ናቸው። ዘነበች አንዲት እኅት ነበረቻት፤ ሳታገባ ሐይቅ ወሰዳት። ከዚያ ቤት ሌላ ሴት አልወጣችም። ንጹሕ ነው።»

የንስሐ አባታቸው መስቀላቸውን አነሡ። «በእነዚህ ልጆች መካከል ዝምድና መኖሩን እያወቀ የደበቀ ቢኖር በሥልጣነ እግዚአብሔር ገዝቻለሁ!»

እማሆይን ተመለከትሁ። ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። የሚጸልዩ ይሁን እናታቸውን የሚያነጋግሩ አላውቅም። ውጭ «እሰይ» የሚል ድምፅ ተነሣ፤ አንዱ ሊመርቅ ጉሮሮውን ጠራረገ። ማንጠግቦሽ ራሷን ዝቅ አደረገች። ይኸው ቀረ አልሁ በልቤ።

እማሆይ ተነሥተው መጋረጃውን ገለጡት።

«አልሰጠመችም» አሉ።

መሪጌታ ፈገግታቸው ሳይጠፋ ዞሩ። «ማን ናት እማሆይ?»

«ብርቅነሽ። ሰጠመች ያልሁት እኔ ነኝ። በይ ብለውኝ ነው።» ከዚያ ወደ አቶ ደምሌ አዩ። «አንተ ልጅ፣ የእናትህ ስም ማን ነው?»

«የውብዳር» አለ አቶ ደምሌ፣ ግራ ገብቶት።

«የእኔስ ስም?»

አቶ ደምሌ ወደ መሪጌታ ዞረ።

«እናቷ በእኔ ስም ነው የጠራቻት። አያትህ ያን ቀን ከታንኳው ላይ ሲጠራ የሰማው የእኔን ስም ነው። ብርቅነሽ የእናቴ እኅት ናት።» ወደ አማቻቸው ዞሩ። «ልሳነወርቅ ልጄ፣ አሁን ቁጠር።»

መሪጌታ ጣታቸውን ዘረጉ። ማንጠግቦሽ አሉ። እናቷን ጠሩ። የውብዳር አሉ። ዘነበች ሲሉ ድምፃቸው ወረደ። በሌላ እጃቸው ሙሽራውን፣ ደምሌን፣ የውብዳርን፣ ብርቅነሽን ቆጠሩ። ሁለቱ እጆቻቸው አንድ ላይ ቆሙ።

«አራት ቤት እንኳ አልራቁም» አሉ፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተቀመጡ።

አቶ ደምሌ ብድግ ብሎ «ይህቺ አስተማሪ ያመጣችው ተንኮል ነው!» ሲል ጮኸ። ከራሱ ሽማግሌዎች አንዱ፣ ጥርስ የሌላቸው ሽማግሌ፣ ልብሱን ይዘው አስቀመጡት። «ተው ደምሌ። ተረቱን ስትነግረን የኖርኸው አንተ ነህ። አያትህ በጠለፋ የወሰዷትን አንተ በሽማግሌ ልትደግማት ነበር።» ጥቂት ሰዎች ሳቁ። የንስሐ አባትየው አማተቡ። መሪጌታ ደግሞ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው «ከኃጢአት ያወጣኸን ተመስገን» አሉ፤ ሁሉም አብሮ አመሰገነ። ሽማግሌዎቹ ያልተበላውን ምግብ እያዩ አንድ በአንድ ወጡ።

ወደ ማንጠግቦሽ ያየ ሰው አልነበረም። እናቷ ያስተካከለችላትን ፀጉር መልሳ ትፈታ ነበር። አልፈልግም ማለቷን ከዚያ ሁሉ ሰው ማንም አላነሣውም።

በማግሥቱ ማለዳ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መኪና መንገድ ዳር ቆመን ስንጠብቅ ጠየቀችኝ።

«ቲቸር፣ ዘመዱ ባልሆን ኖሮስ?»

መኪናው እየመጣ ነበር። «ነይ፣ ግቢ፣ ይሞላብናል» አልኋት። ገባን። መልሱን ሁለታችንም እናውቀው ነበር።

ርእሰ መምህሩ ጊዜ አላጠፋም። በቤተሰብ ጉዳይ ጣልቃ ገብታለች ተብሎ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ። ከክፍል አውጥቶ ቤተ መጻሕፍት አስቀመጠኝ፤ ጡረታ እስክወጣ አቧራ ሳራግፍ ኖርሁ። ክበቡን ለስፖርት መምህሩ ሰጠው። አብረውኝ ሻይ የሚጠጡ መምህራን ሲያልፉ በመስኮት እጃቸውን ያውለበልቡልኝ ነበር፤ የገባ ግን የለም። እነማን እንደሆናችሁ አልረሳሁም።

እማሆይ የውብዳር ዓመቱ ሳይዞር ዐረፉ። ለቀብራቸው ከእንፍራንዝ በኩል ሴቶች መጥተው ነበር፤ የብርቅነሽ የልጅ ልጆች ናቸው። ማንም ሳያስተዋውቃቸው መሬት ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ለእሳቸው ይሁን ለብርቅነሽ አልጠየቅኋቸውም።

በተከታዩ ዓመት መሪጌታ ልሳነወርቅ ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ መጡ። በእጃቸው በቅል ማር ይዘዋል። ቆመው እጅ ነሡኝ።

«መምህርት፣ እግዜር ይስጥልኝ። ያኔ ክፉ ተናግሬዎት ከሆነ ይቅር ይበሉኝ ለማለትም ነው። እርስዎ ልጆቹን ያስተማሩበት መንገድ ትክክል ነው። አሁን በየሄድሁበት በእናት እናትም ነው የምቆጥረው፤ አንዲት ሴት አላልፍም።»

ከዚህ በፊት ይቅርታ የጠየቀኝ የለም ያልሁት ለዚህ ነው፤ «ከሆነ» የሚባል ይቅርታ አልቆጥርም። ማሩን ግን ተቀበልሁ። ደስም ብሎኝ ነበር፤ ለጥቂት ጊዜ።

«ማንጠግቦሽን ለሌላ ሰጥቻታለሁ» አሉ ቀጥለው። «በአባትም በእናትም ሰባት ቤት ወጣሁላት፤ ንጹሕ ነው። ዕድሜዋም አሁን ሞልቷል፤ የሚከሰን የለም። ሠርጉ በፋሲካ ማግሥት ነው፤ እንዳይቀሩ።»

«ማንጠግቦሽ ምን አለች?» አልኋቸው።

መሪጌታ በቅንነት አዩኝ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ጥያቄው በእውነት አልገባቸውም።

«ስለ ምኑ?» አሉኝ።

ሠርጉ ላይ አልሄድሁም። ማሩ ሳይቀመስ መደርደሪያ ላይ ቆይቶ ነጭ ሆነ።

ይህን የምታነቡ አስተማሪዎች ትኖራላችሁ። ዛሬ የሴቶችን ታሪክ አስተምሩ እየተባለ እንደሆነ እሰማለሁ፤ ደግ ነው። ግን የእኔን ትምህርት እንዴት እንደተጠቀሙበት አይታችኋል። የእናቶችን ስም ደስ ብሏቸው ተቀበሉኝ፤ በቃላቸው ያዙት፤ ቆጠራቸውን አጠናከሩበት። እንዲያውም በእኔ ምክንያት መሪጌታ ከቀድሞው የተሻሉ ቆጣሪ ሆኑ። ብርቅነሽን ከሐይቁ አወጣኋት ብዬ ስኮራ የነበረው ለዚህ ነበር። እማሆይም ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ አፋቸውን ከፍተው ለማንጠግቦሽ ያተረፉላት አንድ ዓመት ብቻ ነበር።

ዛሬ ያ ክፍል ቢመለስልኝ ዮሴፍን አስነሥቼ አባቶቹን አላስቆጥረውም፤ እናቶቹንም ቢሆን። ሌላ የቤት ሥራ ነበር የምሰጠው። እኔ ክፍል ስለሌለኝ እናንተ ስጡልኝ። ልጆቹ ወደ ቤት ሄደው እናታቸውን ቁጭ አድርገው «ስትዳሪ ማን ጠየቀሽ?» ይበሏት። ከዚያ ፊቷን ይዩ። ብዙዎቹ እናቶች ትንሽ ገርሟቸው፣ የያዙትን ሥራ ሳያቋርጡ፣ «ስለ ምኑ?» ብለው እንደሚመልሱ አውቃለሁ።